ዓይን ያልተሰጣቸው ጥንቸሎች

ሰው ሁሉ የየራሱ ሞኝነት አለው፤ የሰዓዲያ ሞኝነት አንዲት ትንሽ ውሸት ነበረች። ትንሽ ሲባል ለማሳነስ አይደለም፤ እውነትም የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል። እንዲያውም የዋሸችው ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ነበር።

ሐሙስ ጧት ነው። ከከሚሴ መናኸሪያ ወደ ቦርከና በሚወርደው አቧራማ መንገድ ዳር፣ የሸኽ ሙሀመድኑር ቤት ጓሮ ግድግዳ ሥር፣ ሰዓዲያ ስንዝር የማትሞላ ጥላ ፈልጋ ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ገና በጧቱ ትጋረፋለች። ልጅቷ ጭኗ ላይ ግራጫ ካልሲ ዘርግታ የካልሲውን አፍ በመቀስ ለሁለት ሰነጠቀችው፤ ሁለት ጆሮ ወጣለት። በልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቀችው፤ ሆድ አበጀ። ከጆሮው ዝቅ ብላ በክር ጠበቅ አድርጋ አሰረችው፤ አንገት ሆነ። ተረከዙ ደግሞ ራሱ በራሱ ጎበጥ ብሎ መቀመጫ ይሆናል፤ ካልሲን የፈለሰፈው ሰው ለጥንቸል እንጂ ለሰው እግር ያሰበ አይመስልም። በመጨረሻ ከአባቷ ያረጀ አረንጓዴ ጥምጣም በቀጭኑ ቀድዳ አንገቱ ላይ ቋጠረችለት።

ይኸው ጥንቸል። ጆሮ አለው፣ ሆድ አለው፣ ከሰው በላይ የሚያምር የአንገት ልብስ አለው። ዓይን ግን የለውም።

ይህ የአባቷ ቃል ነው። ሰዓዲያ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የዋለች ጊዜ፣ እጇ ሥራ ሲያጣ ልቧም አብሮ ሲከፋት፣ ከካልሲ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረች። ሸኽ ሙሀመድኑር የመጀመሪያዋን ጥንቸል መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋትና ፈገግ አሉ። የሠፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ከጨፋ ሜዳ በከብት የተጣሉ ሰዎች ሳይቀሩ እንዲያስታርቋቸው የሚመጡባቸው ሰው ናቸው፤ ፈገግታቸው ብርቅ ነው።

«እጅሽ ጎበዝ ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ደስ ሲላቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። «ሥሪ። ሌላው የሚያደርገውን ሌላው ያውቃል። ከእኔ ቤት የሚወጣ ግን ዓይን አይኑረው። ነፍስ የማትሰጭውን ነገር ዓይን አትስጭው። ቃል?»

«ቃል፣ አባ» አለች።

ቃሏንም ጠበቀች። ይኸው ሁለት ዓመቷ፤ ከእጇ ከወጡት ጥንቸሎች አንዱም አላያትም።

ጥንቸሎቹን የሚሸጥላት ካሚል ነው። ካሚል መናኸሪያው በር ላይ ካልሲ በእንጨት አንጠልጥሎ ይሸጣል። ትውልዱ ባቲ ነው፤ እናቱ በሕፃንነቱ ሞታ፣ አባቱን በስም እንኳ ሳያውቅ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ሲያሳድገው የኖረ ልጅ ነው። ከሰዓዲያ ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው ቢባል ይሻላል።

«እህት፣ እግርሽ ስንት ቁጥር ነው?» አላት መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።

«እግሬ ምን አገባህ? ባለቤት አለው!»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ካሚል አልሳቀም። አያት፤ እሷም ልታፈጥበት ብላ ቀና ስትል ዓይኑ ውስጥ የሆነ ብቸኛ ነገር አየችና መልሳ መሬት መሬት አየች። ከዚያ በኋላ ከየእሽጉ ጓደኛዋ የጠፋች ካልሲ ባገኘ ቁጥር ለሰዓዲያ ማስቀመጥ ጀመረ። «እንኪ፣ ባሏ የሞተባት ናት፤ አንቺ ዳሪያት» ይላታል። እሷም ጥንቸል አድርጋ ትመልስለታለች። የባጃጅ ሹፌሮች እየገዙ ከፊት መስታወታቸው ላይ ያንጠለጥሏቸዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ካሚል ጠየቃት። «ለምንድነው ግን ዓይን የማትሠሪላቸው?»

እዚህ ላይ ነው ሞኝነቷ። «አባቴ ስላልፈቀደ» ማለት ነበረባት። ግን ከአጠገባቸው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፉ ተሳፋሪ ጎረምሶች ቆመው ነበር፤ አባቷን ኋላ ቀር ብለው ሲስቁባቸው በጆሮዋ የሰማች መሰላት። ካሚልም አብሮ የሚስቅ መሰላት።

«ቁልፍ አጥቼ ነው» አለች።

ይኸው ነው ውሸቷ። ተናግራ ሳትጨርስ ረሳችው። ካሚል ግን አልረሳም፤ የሚወድ ሰው ምን ይረሳል?

«ኡፍ! ምነው ዛሬ ፊትሽ እንደ በዓል ቀን በራ?» የሚል ድምፅ ከሐሳቧ መለሳት። ታናሽ እህቷ ፋሪዳ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ሠላሳ ሞልቶታል። «ነገ ሽማግሌ ስለሚገባ ነው አይደል? ወይ ጉድ! ካልሲ ሻጭ አግብታ ዕድሜ ልኳን እግሯ ሊሞቃት!»

«ዝም በይ፣ አባ ይሰሙሻል።»

«አባማ ከሰሙ ቆዩ።»

እውነቷን ነው። እናታቸው ሰሊማ ነገሩን ቀስ አድርጋ ለሸኹ ነግራቸዋለች። ሸኹም መቁጠሪያቸውን ቆጥረው ሲጨርሱ፣ «ዘመድ የሌለው ነው ይሉኛል። እኔ ዘር አልጠይቅም። ቃሉ ቃል ከሆነ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» ብለዋል። ዘመድ የሌለው ልጅ ሽማግሌ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠና! በስንት ልመና ሦስት አገኘ። አንደኛው የመናኸሪያው ልብስ ሰፊ ጋሽ አምባዬ ናቸው፤ ማተብ ያሰሩ ክርስቲያን። ሁለተኛው ሻይ ቤት ያላቸው አባ አብዶ፣ ሦስተኛው የመስጊዱ ጎረቤት። ወሎ ነው፤ ማንም አልገረመውም።

ፋሪዳ ከሻርፕዋ ሥር አንዲት ቁራጭ ካርቶን አወጣች። ካሚል ደብዳቤ የሚጽፈው ካልሲ በሚታሸግባት ካርቶን ላይ ነው። «እንኪ። መንገድ ላይ አላነበብኩትም» አለች፣ አንብባው ስለነበር።

ካርቶኗ እንዲህ ትላለች፦

«ሰዓዲያ፣ ያጣሽውን አገኘሁልሽ። ዛሬ መናኸሪያ ብትመጭ ታይዋለሽ። ጣቴ ተወጋግቷል፣ ልቤ ግን እንደዚህ ደስ ብሎት አያውቅም። ነገ ሽማግሌዎቼ እናንተ ቤት ሲገቡ እኔ እዚህ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ካልሲ እሸጣለሁ። የግራውን ከቀኝ ብቀላቅል አትፍረጅብኝ። ካሚል።»

ሰዓዲያ ካርቶኗን ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና ዓይኗን ጨፈነች። ደስታው ሙሉ ነበር። ግን አንዲት ቃል እንደ ጠጠር ቆረቆረቻት። ያጣሽውን? እኔ ምን አጣሁ? እያለች ራሷን እየጠየቀች ወደ መናኸሪያው አመራች።

* * *

መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጋሽ አምባዬ የስፌት መኪና ፊት ለፊት፣ የካሚል እንጨት ቆሟል። ካልሲዎቹ በነፋስ ይወዛወዛሉ። ከካልሲዎቹ መሃል ሁለት ጥንቸሎች ተንጠልጥለዋል።

አዩዋት።

አንደኛው በአንድ ቀይና በአንድ ነጭ ቁልፍ፣ ሌላው ከወታደር ካፖርት በወጣ ትልልቅ ቡናማ ቁልፍ፣ አፍጠው አዩዋት። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ አንዱ ዓይን ወደ ግንባር፣ አንዱ ወደ ጉንጭ ሄዷል።

«ነይ እስቲ ሙሽራዬ!» አሉ ጋሽ አምባዬ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው። «ይሄ ጉደኛሽ ሦስት ቀን ሙሉ ቀትር ቀትሩን ገበያው ሲበርድ መርፌዬን እየነጠቀ ሥራ አስፈታኝ። ከአሮጌ ሸሚዝ ሁሉ ቁልፍ ስፈታለት ነው የሰነበትኩት። ሽማግሌህ ልሁን አልኩት እንጂ ተለማማጅህ ልሁን አላልኩትም!»

ካሚል ከሳቁ ጋር መጣ። ጣቶቹን ዘርግቶ አሳያት፤ ጫፍ ጫፋቸው በመርፌ ተበሳስቷል። «ቁልፍ አጥቼ ነው ብለሽኝ አልነበር? ይኸው። አሥራ አምስቱንም እኔ ነኝ የሰፋኋቸው። ሰዓዲያ፣ ዓይን ሲኖራቸው እኮ ሌላ ሆኑ! አሥራ ሦስቱን በአንድ ጧት ባጃጆቹ ተሻሟቸው።»

«አሥራ ሦስቱን?»

«አሥራ ሦስቱን!»

«ከሚሴ ውስጥ እየዞሩ ነው?»

«ምን ሆንሽ? ማል ታቴ?» አለ፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ እንደ ጥላ ሸሸ።

«ማን ንካቸው አለህ?» አለች። ልትናገር የፈለገችው ይህን አልነበረም። «ማን ጠየቀህ? የኔን ሥራ ማን አበላሽ አለህ?»

ጋሽ አምባዬ የስፌት መኪናውን አቆሙ። ካሚል የተወጋጋ ጣቱን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ እንደ ሌባ። ያን ጊዜ ነው ሰዓዲያ ያለቀሰችው።

«አባቴ ነው» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ዓይን እንዳልሠራላቸው ቃል አስገብቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። የቁልፉ ነገር ውሸት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቅበታለህ ብዬ። ኋላ ቀር ትለዋለህ ብዬ።»

በዚያ ጫጫታ ሁሉ መሃል የካሚል ድምፅ ዝቅ ብሎ ወጣ።

«እኔ? አባት ባለው ሰው ላይ እኔ ልስቅ? ሰዓዲያ፣ እኔን እኮ በሕይወቴ ሙሉ 'ይሄን አታድርግ' ያለኝ ሰው የለም። አንድ ሰው ቢከለክለኝ ብዬ ነው ያደግኩት።»

ከዚያ በላይ ምንም ቢላት አያማትም ነበር።

«እሄዳለሁ» አለ ካሚል ካልሲውን ለጋሽ አምባዬ እየሰጠ። «ከየባጃጁ እሰበስባቸዋለሁ። ለሸኹም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳትሞክረው!» ክንዱን ልትይዝ እጇን ሰነዘረችና መልሳ ሰበሰበችው፤ መሃል ገበያ ነው። «ነገ ሽማግሌ እየገባ ዛሬ ይሄን ትነግረዋለህ? ለእኔ ተወው። በፈጣሪ፣ ለእኔ ተወው።»

ካሚል እሺም እምቢም ሳይል መንገዱን አቋርጦ ሮጠ። ሰዓዲያ ሁለቱን ጥንቸሎች ፊታቸውን ወደ ደረቷ አዙራ አቅፋቸው ቆመች። ለጋሽ አምባዬ ሰጥታቸው ስትሄድም እያዩዋት እንደሆነ ይሰማት ነበር።

* * *

ከተማዋ ትንሽ፣ ባጃጁ ብዙ ነው። ካሚል አንዷ ጋ ሳይደርስ ሸኽ ሙሀመድኑር ደረሱባት።

ከቀትሩ የዙሁር ሰላት ወጥተው ጉልበታቸውን ስላመማቸው ባጃጅ ተሳፈሩ። ከፊታቸው አንዲት የካልሲ ጥንቸል እየተወዛወዘች ታያቸዋለች። መጀመሪያ የሌላ ሰው ሥራ መሰላቸው። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ጥንቸሏ ዞረችና አንገቷ ታየ። አረንጓዴ። ሃያ ዓመት ግንባራቸው ላይ የጠመጠሙትን ጨርቅ ሰው እንዴት ይስተዋል?

«ይችን አውርድልኝ፣ ልጄ» አሉት ለሹፌሩ። ሹፌሩም የጠየቀው ማን እንደሆነ አይቶ ፈትቶ ሰጣቸው።

ቤት ሲገቡ ሰዓዲያ ውሃ ይዛ ተቀበለቻቸው። አባቷ ውሃውን አልተቀበሏትም። ጥንቸሏን ሰሌኑ ላይ አስቀመጡ። ሰሊማ በማጀቱ በር ብቅ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይህ ሥራሽ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር በቀለለ።

«አዎ፣ አባ።»

«ዓይኗስ?»

ሰዓዲያ መንገዱን ሁሉ ስታስብ የመጣችው እውነቱን ልትናገር ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የነገው ቀን ፊቷ ተደቀነ። ሦስት ሽማግሌዎች በዚህ በር ሲገቡ፣ አባቷ «ቤቴን የሰደበውን ልጅ ነው ይዛችሁ የመጣችሁት?» ሲሉ፣ ካሚልም መናኸሪያው በር ላይ የግራውን ከቀኝ እየቀላቀለ ሲጠብቅ ታያት። እኔን ቢቆጡኝ ልጃቸው ነኝ፣ ያልፋል፤ እሱን ቢቆጡት ግን ማን አለው? አለች በልቧ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አባ። ሰው ዓይን ያለው ይወዳል ሲሉኝ... አውፍ ይበሉኝ።»

ዓይኗን ከዓይናቸው ሳትነቅል ነበር ይህን ያለችው። ሸኹ ጥንቸሏን አነሱ፤ ጠማማውን ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። የልጃቸውን እጅ ያውቁታል፤ እንዲህ ያለ ስፌት ሰፍታ አታውቅም። ግን ልጃቸው እኔ ነኝ ብላለች። ልጃቸው ካለች አለች ነው። ስለዚህ የገዛ ጣታቸውን ሳያምኑ ቀሩ።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ በረዥሙ። «ከሰው ቤት ጠብ ስፈታ የምውል ሰው፣ ከቤቴ ቃል ሲፈርስ አላየሁም ማለት ነው።» ለሰላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ተነሱ። ሲራመዱ ያረጁት ያን ቀን እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

የተሲያቱን የዐሱር ሰላት ከሰገዱ በኋላ ነው ደጁ የተንኳኳው። ፋሪዳ ከፈተች። ካሚል ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ጆንያ አለ። ከኋላው ጋሽ አምባዬ ኮፍያቸውን አውልቀው እያለከለኩ ቆመዋል።

ሰዓዲያ ከማጀት ብቅ አለች። ዝም እንዲል በዓይኗ ለመነችው፤ በቅንድቧ፣ በከንፈሯ ለመነችው። እሱ ግን አላያትም። ለመጀመሪያ ጊዜ አላያትም፤ ጨዋ መሆኑ ነው፣ በሰው ቤት የሰው ልጅ አይታይም ብሎ።

«ሸኻችን፣ አሰላሙ ዓለይኩም» አለና ጆንያውን እግራቸው ሥር አስቀመጠ። «አሥራ አራት ናቸው። አንዷን አላገኘኋትም።»

«አንዷ እኔ ጋ ናት» አሉ ሸኹ።

«ሁሉንም ዓይን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰዓዲያ አታውቅም፤ ዛሬ ነው ያየችው፤ አይታም አለቀሰች። የእርስዎን ቃል አልሰማሁም ነበር። ቃሉ ቃል ከሆነ ይምጡ ብለዋል አሉ፤ ስለዚህ ነገ ሽማግሌዬ ከመግባቱ በፊት ጥፋቴን በራሴ አፍ ልንገርዎ ብዬ መጣሁ። በውሸት ጀምሬ ልጅዎን መጠየቅ አልፈለግኩም።»

«ልጁ እውነቱን ነው፣ ሸኽ ሙሀመድኑር» አሉ ጋሽ አምባዬ። «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ፣ መርፌውም የእኔ። ከተቆጡ ከእኔ ይጀምሩ፤ ጆሮዬ ደከም ስላለ ብዙም አይጎዳኝም።»

ማንም አልሳቀም። ሸኹ ካሚልን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«ኮቱ» አሏት። ነይ።

መጣች።

«አንተ ልጅ» አሉ ፊታቸውን ከእሷ ሳያነሱ፣ «ጥፋት የለብህም። ያልተነገረህን ሠራህ፤ ስታውቅ መለስክ። አውፍ ብዬሃለሁ። ለቁልፍ ብዬ ሰው አልጥልም።»

ካሚል ፊቱ በራ። ምስኪን፤ ያለቀለት መሰለው።

«አንቺ ግን ዓይኔን እያየሽ እኔ ነኝ አልሽኝ።»

«አባ... ሽማግሌዎቹ እንዳይመለሱ ብዬ ነው። ለእሱ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። የከፋኝ ለዚህ ነው» አሉ። «በጠላት ላይ የተዋሸ ውሸት ቂሙ ሲያልፍ ያልፋል። ለወደዱት ሰው የተዋሸ ግን መመለሻ የለውም፤ ነገም ለወደድሽው ትዋሽለታለሽ፣ እሱን ራሱንም ወድጄው ነው ብለሽ ትዋሽዋለሽ። ነገ ሽማግሌ እዚህ ተቀምጦ 'ልጅዎን በምን ያውቋታል?' ሲለኝ ምን ልበል? ቃሏ ቃል ነው ብዬ ልመስክር? አላህ እየሰማኝ?»

«ሸኻችን!» ካሚል ተንበረከከ። «እኔ እወስዳታለሁ! ምስክር አልፈልግም!»

«አንተ ባትፈልግም እኔ እፈልጋለሁ።» ሸኹ ተነሱ። «ሽማግሌዎችህ ነገ እንዳይደክሙ ንገራቸው።»

ካሚል ያን ጊዜ ነው ወደ ሰዓዲያ ቀና ያለው። በዚያች ዕይታ ውስጥ ወቀሳ ቢኖር ትችለው ነበር። «ለእኔ ነው የዋሸሽው?» የሚል ምስጋና ነበር ያለባት፤ እሱ ነው ያቃጠላት።

* * *

ጁምዓ ጧት ሰሊማ ማንም ሳያዛት ቤቱን ጠረገች፤ አዲሱን ሰሌን አነጠፈች።

«እማ፣ ለማን ነው?» አለች ሰዓዲያ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ለሽማግሌ ነዋ።»

«አባ አትምጡ አላሉም?»

ሰሊማ መጥረጊያውን አቁማ ልጇን በሐዘኔታ አየቻት። «አትምጡ ያልተባለ ሽማግሌ የት አገር አይተሻል? የአባትሽን ሽማግሌዎች አባቴ ሁለት ጊዜ ነው የመለሳቸው። በሦስተኛው ዝናብ ዘንቦባቸው፣ ጭቃ ለብሰው መጡ፤ ያን ጊዜ ነው እሺ ያላቸው። ሽማግሌ ሲከለከል ይመለሳል፣ ደጅ ይጠናል፣ ይለምናል። ልጅ የሚወደደው እንደዚያ ነው። አባትሽ ትናንት 'አትምጡ' ያለው እንዲመጡለት ነው። ራሱ አይለውም እንጂ ልመናቸውን ነው የሚጠብቀው።»

ሰዓዲያ ልቧ ዘለለ። ሸኹም ከጁምዓ ሰላት ሲመለሱ በዓል የሚለብሱትን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ነበር። ከሰሌኑ ራስጌ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን አወጡ። በሩ ሲንኳኳ የሰሙ እየመሰላቸው ሁለት ጊዜ ቀና አሉ። ነፋስ ነበር።

ያን ጊዜ ሰዓዲያ አንድ ነገር ገባት። ይህን ወግ ሁሉም ሰው ከአባቱ ይሰማዋል። ካሚልስ ከማን ሰማው?

ፋሪዳን በጓሮ በር አስሮጠቻት። ፋሪዳ ስትመለስ ላብ በላብ ሆና፣ ያ ሁሉ ምላሷ ታስሮ ነበር።

«ሄዷል» አለች በሹክሹክታ። «በጧት ካልሲውን ጠቅልሎ ወደ ባቲ ተሳፍሯል። ስልኩም ተዘግቷል። ጋሽ አምባዬ ትናንት 'በአንድ ቃል አይቀርም፣ እንሂድ' ብለው ሲለምኑት አመሹ። እሱ ግን 'ሸኹ ተናግረዋል፤ ቃላቸውን ልታስበሏቸው ነው?' አላቸው። ላኪው ቅሩ ካለ ሽማግሌ በምን አፉ ይሂድ?»

ሰዓዲያ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አንዱ ቃል አክባሪ ከቤት ውስጥ ይጠብቃል፤ ሌላው ቃል አክባሪ መንገድ ላይ እየራቀ ነው። ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም ልባቸው የተሰበረ፣ መሃላቸውም እሷ።

የዐሱር አዛን ተሰማ። ሸኹ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ሰዓዲያ ሮጣ ያዘቻቸው። አልገፏትም። ይህ ድፍረት ሰጣት።

«አባ» አለች፣ «ልጁ እኮ ወግ የሚያስተምረው አባት የለውም። አትምጡ ሲባል መቅረት መስሎት ነው። ሽማግሌዎቹ መምጣት ፈልገው እሱ ነው ያስቀራቸው፤ ለእርስዎ ቃል ብሎ። እየወደደኝ ነው የሄደው።»

ሸኹ ቆሙ። በፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሊበራ ሲል አየች። ሊያምኗት ነበር፤ ወላሂ፣ ሊያምኗት ነበር። ከዚያ ዓይኖቻቸው ፊቷ ላይ ቀስ ብለው ዞሩ፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ። ገበያ ላይ የማያውቁትን ነጋዴ የሚያዩት እንደዚያ ነው።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አሉ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባቷ እንዲህ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም።

«ፋሪዳ... ፋሪዳ ናት።»

ክንዳቸውን ከእጇ በዝግታ አላቀቁ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንዳይጎዷት ተጠንቅቀው። ፊታቸውን ወደ ጓሮው በር አዞሩ።

«ፋሪዳ!» ብለው ተጣሩ። «እስቲ ነይ፣ ልጄ። አንቺ ንገሪኝ።»

ሰዓዲያ እጇ ባዶውን እንደተዘረጋ ቀረ። እህቷ ስትመጣ፣ አፏን ስትከፍት፣ አባቷም ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ አየች። ያው የራሷ ቃል ነበር በሰው አፍ የሚነገረው፤ እሷም እንደ እንግዳ ዳር ቆማ ይታመን ይሆን እያለች ጠበቀች።